ነርሷ የምትናገርበት ምዕራፍ

ሐኪሙ የደም ናሙናውን ኪሱ ከቶ በሆስፒታሉ መስኮት ሲዘል፣ ሚጣ የጣደችው ሩዝ አረረ። ሽታው አፍንጫዋ ደርሶ ነበር፤ ግን የአገሪቱን መሪ ሕመም ከሕዝብ የደበቁት ሰዎች ሐኪሙን እየተኮሱ ሲያሳድዱት ማን ድስት ያስታውሳል?

«አንቺ ልጅ! ቤቱን ልታነጂው ነው?»

እናቷ ከሥራ መግባቷ ነበር። የነርስ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ምድጃውን አጠፋችና ድስቱን ውኃ ሞላችበት።

«ይቅርታ እማዬ፣ መጽሐፉ እኮ ነው! ፋታ አይሰጥም።»

መጽሐፉን ያዋሰቻት የክፍል ጓደኛዋ ናት። የዴስክ ጓደኛሞች ይባሉ እንጂ እህትማማች ናቸው ማለት ይቻላል። የጓደኛዋ አባት ዓምና የሚጣ እናት በምትሠራበት ሆስፒታል ካረፉ ወዲህ፣ እሷ የምታነበው ሐኪም ያለበት ልቦለድ ብቻ ሆኗል።

«ደግሞ እንዳንቺ ነርስ አለችበት» አለች ሚጣ። «አለቆቿ አፍሽን ዝጊ ሲሏት፣ ጋዜጠኞች ፊት ቆማ ሁሉንም ዘረገፈችው። ጀግና ናት! አንቺስ ብትሆኚ?»

እናቷ የድስቱን ቂጥ በማንኪያ ትፍቅ ጀመር። «ደራሲው አንድ ቀን እንኳ ተረኛ ሆኖ አያውቅም» አለች።

«እንዴ፣ አትናገሪም?»

«አልተናገርኩማ።»

ሚጣ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እናቷ ግን ዞር አላለችም።

«የጓደኛሽ አባት የሞቱ ቀን አንድ ባለሥልጣን ደረቴን ከበደኝ ብሎ ገባ። ኦክስጅን አላስፈለገውም። ኃላፊያችን ግን ‹ለማንኛውም አጠገቡ ይኑር› አለ። ያለን ሲሊንደር ደግሞ የጓደኛሽ አባት የሚተነፍሱበት ብቻ ነበር።» ማንኪያውን አስቀመጠች። «የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ። ሌላ እስኪመጣ አልቆዩም። ባለሥልጣኑ በማግስቱ በእግሩ ወጣ።»

«እማዬ…»

«ብናገር ያባርሩኝ ነበር። አንቺን ማን ያሳድግሽ? አሁንም ለልጅቷ ትንፍሽ እንዳትይ። በጡቴ ይዤሻለሁ!»

ሚጣ መጽሐፉን እንደገና ገለጠችው። ሐኪሙ አሁንም ይሮጣል፤ ጥይቱ አሁንም ይንጣጣል፤ እሷ ግን አንዷን መስመር ብትደጋግማት ብትደጋግማት ምንም አልገባ አላት።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ጓደኛዋ ክፍሉ በር ላይ ጠበቀቻት።

«እሺ፣ ነርሷ ጋ ደረስሽ?»

«ደርሻለሁ።»

«እኔ እሷ ጋ ስደርስ ያንቺ እናት ናቸው ትዝ የሚሉኝ። እውነቴን ነው! ሰው ሁሉ ሐኪሞቹን ሲያማ፣ እማዬ ‹ሲስተር እጁን ይዛው ነበር፤ ምንም አልተሠቃየም ብላኛለች› ትላለች። እንቅልፍ የሚወስዳት እኮ ያንን እያሰበች ነው።»

ሚጣ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ዝም ብትል እናቷ ነገም ሥራ ትገባለች፤ የጓደኛዋም እናት ነገም እንቅልፍ ይወስዳታል፤ እነሱም አንድ ዴስክ ላይ ሆነው ይሳሳቃሉ። ትናንት ነርሷን ጀግና ስትላት እንዴት ቀልሏት ነበር! ያቺ ነርስ ልጅ የላትም፤ ጓደኛም የላትም። ደራሲው አልሰጣትም።

«ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለች ጓደኛዋ። «አመመሽ እንዴ?»

ደወሉ ጮኸ። ተማሪው እየተጋፋ ወደየክፍሉ ይገባ ጀመር። ጓደኛዋም ልትገባ ስትል ሚጣ ክንዷን ያዘቻት።

«ቆይ፣ አንግባ» አለች። «ስለ አባትሽ ነው። ከሰማሽ በኋላ ዓይንሽን አላይም ብትዪኝም አልፈርድብሽም።»

ጓደኛዋ ቀልድ የምትጠብቅ ይመስል ግማሽ ፈገግታዋን እንደያዘች ቆመች። ሚጣ ኮሪደሩ ጭር እስኪል ጠበቀች። ከዚያ ጀመረች።