አጨብጭቡ፣ ትነሣለች

«መብራት! መብራት አምጡ! መብራት!»

ልጆቼ፣ ይሄ የፍቅር ታሪክ የጀመረው በዚህ ጩኸት ነው። እኔ የቴአትር ቤት በር ላይ ቆሜ ቲኬት እየቀደድኩ ሰው አስገባለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚያው በር ላይ ነው፤ ስንት ሳቅ፣ ስንት ለቅሶ ሰምቻለሁ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ግን ሰምቼ አላውቅም።

መጋረጃው ሊከፈት ሲል አዳራሹ እንደ ልማዱ ጨለመ። ጨለማው ውስጥ አንድ ጢሙ የበቀለ ጎልማሳ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ ደፍኖ ከወንበሩ ተነሣና ይጮህ ጀመር። አጠገቡ ያለችው ሴት ታባብለዋለች።

«ወንድምዬ... አይዞህ፣ አሁን ይበራል፣ አሁን...»

«አስወጡልን እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እብድ ይዞ ቴአትር መምጣት ምን የሚሉት ነው?» አለች ሌላዋ።

ሥራ አስኪያጃችን ሮጦ መጣና «እትዬ፣ ቶሎ ያስወጧቸው» አለኝ። ገና እግሬን ሳላነሣ አዳራሹ ቦግ አለ! መድረኩ ላይ ተዋናዮቹ ግማሹ ቀበቶውን እያጠበቀ፣ ግማሹ አፉን ከፍቶ ቆሞ ታየ።

ይህን ያደረገው መብራት አብሪያችን ነው። ከላይ ካለችው ጠባብ ክፍሉ ሆኖ ሁሉንም አበራውና ደረጃውን ወርዶ መጣ። ሴትዮዋ ሊቆጣት የመጣ መሰላት።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ አሁን እንወጣለን። ኦቲዝም አለበት፤ እልኸኛ ሆኖ አይደለም። በፈጠረህ አትጩህበት።»

«ማን ሊጮህ? መብራት ብሎ የጮኸው ሰው ማን እንደሆነ ለማየት ነው የመጣሁት» አላት። ወደ ወንድሟ ዞረ፤ ግን አልነካውም፣ ራቅ ብሎ ቆመ። «ልክ ነህ። እኔም ጨለማ አልወድም። ይሄን ሥራ የያዝኩት ማብሪያው እኔ ጋ እንዲሆን ብዬ ነው።»

ጎልማሳው እጁን ከጆሮው አነሣ። ጣሪያውን ሽቅብ አየና «ያቺ ተቃጥላለች» አለ።

አምፖል ነበረች። እውነትም ተቃጥላለች።

«ወይ ጉዴ! ኃላፊ መጣብኝ» አለ መብራት አብሪው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሁላችንም «ኃላፊው» ብለን ነው የምንጠራው። ሴትዮዋ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። መብራት አብሪው ያንን ሳቅና ያንን እንባ አንድ ላይ አየ። በቃ! የሰውየው ነገር እዚያው አለቀለት።

የዚያን ዕለት ግን መውጣታቸው አልቀረም፤ ሰዉ ማጉረምረሙን አልተወም። መብራት አብሪው እኔ የምቆምበት በር ላይ አቆማትና ጠየቃት።

«እንደሚያስቸግረው እያወቅሽ ለምን ይዘሽው መጣሽ?»

«እናታችን ቴአትር ነፍሷ ነው። አሁን ከአልጋ አትወርድም። "እናንተ እዩና መጥታችሁ ንገሩኝ" አለችን... አሁን ገብቼ ምን ልበላት?»

«"ይቆየን፣ ገና አልታየም" በያት» አላት።

ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ነች፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። አላገባችም። ቀኗን በሙሉ በስፌት መኪናዋ፣ በእናቷ አልጋና በወንድሟ መካከል ትመላለሳለች። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

መብራት አብሪው ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁን መውጫ መግቢያ አሳጣው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጨለማና ረብሻ ለማይችሉ ሰዎች ቴአትሩ ለብቻቸው ይታይላቸው ነው የሚለው።

«ጨለማ የሌለው ቴአትር ምን ቴአትር ይባላል?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ልምምድ የምናደርገው በብርሃን አይደል? ያኔ ታዲያ ምን ነበር?»

በመጨረሻ እሺ አለ፤ ከመሰልቸቱ የተነሣ። እኛም ተነሣን። አዳራሹ ግማሽ ብርሃን እንዲኖረው፣ ነጎድጓዱ እንዲቀንስ፣ በሩ ክፍት እንዲሆን፣ መነሣት የፈለገ እንዲነሣ፣ መውጣት የፈለገ እንዲወጣ ተባለ። አልባሳት የምናስቀምጥበትን ክፍል ባዶ አድርገን ፍራሽ አነጠፍንበት፤ የጨነቀው ሰው ገብቶ የሚያርፍበት ነው። በሮቹ ሲዘጉ እንዳይጮሁ ልብስ ሰፊዋ ጠርዛቸውን በወፍራም ጨርቅ ለበጠችልን። መብራት አብሪው መሰላል ይዞላት ውሎ «ኧረ ቀስ በይ፣ እንዳትወድቂ» ሲል ይሰማኝ ነበር። መሰላሉ እኮ ከወገቤ አይበልጥም!

ከሁሉም የከበደው የንጉሡ ነገር ነበር። በቴአትሩ ውስጥ ንጉሡ በጩቤ ተወግቶ ይሞታል። ኃላፊው ያን ሲያይ ምን ይሆናል? መብራት አብሪው ቀደም ብሎ አምጥቶ ሁሉንም አሳየው። ንጉሡን የሚጫወተው ሽማግሌ ተዋናያችን ጢሙን አውልቆ መልሶ ለጠፈለት። ጩቤው እንጨት መሆኑን አስነካው። ከዚያ ወደቀለት።

«ሞተ» አለ ኃላፊው። ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አየህ፣ የወደቀ ሰው እንዲነሣ እናጨበጭባለን» አለው መብራት አብሪው። «መብራቱ ይበራል፣ እናጨበጭባለን፣ ይነሣል። አጨብጭብ።»

ኃላፊው ፈራ ተባ እያለ አጨበጨበ። ንጉሡ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

«ድገም!» አለ ኃላፊው።

ንጉሡ ደጋግሞ ወደቀ፣ ደጋግሞ ተነሣ። «እዚህ መድረክ ላይ ስሞት ኖሬያለሁ፤ በመነሣቴ እንዲህ የተደሰተልኝ ሰው ግን ይሄ ብቻ ነው» አለን ጉልበቱን እያሸ።

ያቺ ቅዳሜ መጣች። በሩ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን፣ ልጆች ሽማግሌ አባቶቻቸውን እየያዙ ሲገቡ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ብዙዎቹ ቴአትር ቤት ገብተው አያውቁም። አንዷ ልጅ መሐል መንገድ ላይ እየተሽከረከረች አየች፤ ማንም ተቀመጪ አላላትም።

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟ አጠገብ ልትቀመጥ ስትል መብራት አብሪው ጠራት።

«አንቺ ቴአትር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ስንቴ ገብቼ...»

«መግባቱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

ወንድሟን በዓይኗ ፈለገችው። «እኔ የማየው እሱን ነው» አለች። «ይጮህ ይሆን፣ ይሮጥ ይሆን እያልኩ...»

«ዛሬ አንቺ ቴአትሩን እዪ። እሱን እኔ አይልሻለሁ።»

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ የፍቅር ቃል ሰምቻለሁ፤ መድረካችን ላይ ሌላ ምን ይወራል? ከዚህ የሚበልጥ ግን አልሰማሁም። እሷም ገብቷታል። ከፊት ተቀመጠች፤ መጀመሪያ እየደጋገመች ዞር ትል ነበር፤ በኋላ ተወችው። ንጉሡ ሲወድቅ ኃላፊው ከሁሉም ቀድሞ አጨበጨበ። ንጉሡ ተነሣ! እሷ ደግሞ ፊቷን በእጇ ሸፍና ስቅስቅ አለች። ለራሷ ነው ያለቀሰችው።

ከዚያ በኋላማ ቅዳሜ ቅዳሜን ማን ያስቀራቸዋል? መብራት አብሪው እቤታቸው ድረስ እየሄደ አልጋ ላይ ላለችው እናት ቴአትሩን ይተርክላት ጀመር። እናትየው «ልጄን የምትጠይቀኝ ይሄን ንጉሥ ገድለህ ከጨረስክ በኋላ ነው?» ብላ አፈር አስበላችው። ልጅቷን ለጋብቻ ሊጠይቅ ቀን ቆርጦም ነበር።

ቀኑ ሳይደርስ እናትየው አረፈች።

የቀብሩን ነገር ባልነግራችሁ ደስ ባለኝ። ሣጥኑ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ጭብጨባ ተሰማ። ጠ... ጠ... ጠ...

ኃላፊው ነበር። ፊቱ በርቷል። ዙሪያውን እያየ ያጨበጭባል።

«አጨብጭቡ! አጨብጭቡ እንጂ፣ ትነሣለች!»

«ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው!» አለ አጎታቸው፤ እጆቹን ጨምድዶ ያዛቸው። ኃላፊው ጮኸ። «ልቀቀኝ! አላጨበጨባችሁም! ለምን አታጨበጭቡም?» አፈር መመለስ ሲጀመር ደግሞ ያን የመጀመሪያ ቀኑን ጩኸት ጮኸ። «መብራት! መብራት!»

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ዞረች። መብራት አብሪው ከኋላ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንተ ነህ» አለችው። «አንተ ነህ ይሄን ያስተማርከው።»

«እኔ... እኔ እንዳይፈራ ብዬ...»

«ሂድልኝ። ሁለተኛ ደጃችን እንዳትደርስ።»

ሄደ።

ኃላፊው እቤት ገብቶ እናቱ አልጋ አጠገብ ቆመ። ያጨበጭባል። ይደክመዋል፣ ደግሞ ይጀምራል። እህል አልቀምስ አለ። መዳፉ ተላጠ፤ እህቱ በጨርቅ ስታስረው ፈትቶ ይቀጥላል። «ሞታለች ወንድምዬ፣ አትነሣም» ብትለው መልሱ አንድ ነው። «ሰዎቹ አላጨበጨቡም።» ጎረቤት አማረረ። አጎትየው «እንደሱ ያሉ ሰዎች የሚያዙበት ማዕከል ይግባ፤ አንቺም ሰው ሁኚ» እያለ መመላለስ ያዘ። የሚወስደው መኪናም ተነጋግሮ ነበር።

ልጠይቃት ብሄድ እንባ እንኳ የላትም፤ እንጨት ሆናለች።

«መብራት አብሪውም እኮ እህል ከተወ ሰንብቷል» አልኳት።

«እትዬ፣ ስሙን አያንሡብኝ።»

ይህን ስትለኝ በሩ ተንኳኳ። መብራት አብሪው ነበር። ደጃፉን አላለፈም።

«ያበላሸሁትን እኔው ላርመው» አላት። «ከዚያ ካልሽ ዓይኔን አታዪውም።»

«በምንህ ነው የምታርመው?»

«በቴአትር ቤቱ። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።»

ከውስጥ ጭብጨባው ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ወደ ውስጥ ዞር ብላ ወንድሟን አየችው። ከዚያ የወንድሟን ጫማ ለነገ አውጥታ በሩ አጠገብ አስቀመጠች።

በማግሥቱ ጠዋት አዳራሹ ለሌላ ሰው ዝግ ነበር። ተዋናዮቹ ሁሉ መጥተው ተቀመጡ፤ ሥራ አስኪያጁም ሳይቀር። መጀመሪያ ንጉሡ ወደቀ። አጨበጨብን፤ ተነሣ። ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ፤ ልክ ነው ማለቱ ነው። ቀጥሎ መብራት አብሪው አንድ ወንበር መድረኩ መሐል አስቀመጠና የእናታቸውን ሹራብ መደገፊያው ላይ ሰቀለው። መብራቱን ሁሉ አበራ፤ ያለንን መብራት በሙሉ።

«አሁን ሰዉ ሁሉ አለ» አለው። «መብራትም አለ። እናጨብጭብላት።»

አጨበጨብን። ልጆቼ፣ ለስንት ተዋናይ ሲጨበጨብ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ጭብጨባ ግን አይደገምም። ኃላፊው «ጮክ አድርጉ!» ይለናል፤ ጮክ እናደርጋለን። ንጉሡ እያለቀሰ ያጨበጭባል። ክንዴ ዛለ፣ መዳፌ ነደደ፤ ማንም አላቆመም። ሹራቡ ግን እንደተሰቀለ ነው።

ቀድሞ ያቆመው እሱ ራሱ ነው። የተላጡ እጆቹን አየና «አመመኝ» አለ።

መብራት አብሪው ወለሉ ላይ፣ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«እማዬ ተዋናይ አይደለችም» አለው። «ንጉሡ ሲወድቅ የውሸቱን ነው። እማዬ የእውነት ነው የሞተችው። የእውነት የሞተ ሰው ስላጨበጨብን አይነሣም። ይሄን አልነገርኩህም። ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩህ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

«አዎ። እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለ ኃላፊው። ሹራቡን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። «መብራቱን አጥፋው።»

ጨለማ የሚፈራው ሰው! መብራት አብሪው ደረጃውን ወጣ። መብራቶቹ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያሉ ጠፉ፤ መጨረሻ ሹራቡ ላይ ያለችው ቀረች፤ እሷም ጠፋች። በጨለማው ውስጥ ኃላፊው ተነፈሰ፣ ተነፈሰና... «እማዬ!» ብሎ አለቀሰ። እህቱም ተከተለችው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያኔ ገና ማልቀሷ ነው።

ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ሲወርድ ሰማሁ፤ መሐል ላይ ቆመ።

«የት ነህ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እዚሁ ነኝ።»

«ና።»

ኮቴው ደረጃውን ጨርሶ ወረደ።

ኃላፊው የዚያን ዕለት ወተት ጠጣ። መኪናውም ሳይመጣ ቀረ። የእናትየው ሙት ዓመት ሲሞላ ሁለቱ ተጋቡ። ድግስ አላሰኛቸውም፤ ፈርመው ሲነሡ ማንም አላጨበጨበም። ኃላፊው ጭብጨባ ሲሰማ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ እጃችንን ወደ ላይ አንሥተን ጣቶቻችንን አርገበገብንላቸው። የቅዳሜውም ተመልካች ዛሬ እንደዚያው ነው የሚያደርገው። ንጉሡ «ለጭብጨባ ስል ነው እኮ ድሃ ሆኜ የቀረሁት» ብሎ አኮረፈ፤ ቢሆንም ይነሣል።

ሁሉ ነገር ዳነ አልላችሁም። እህቱ እንደምትነግረኝ፣ አንዳንድ ጠዋት ኃላፊው ከባዶው አልጋ አጠገብ ይቆማል። ሁለት መዳፉን አቀራርቦ፣ ሳያገናኛቸው። ባልና ሚስቱም አብረውት ይቆማሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቴአትሩን የሚከፍተው እሱ ነው። መድረኩ ላይ ይወጣል፣ አምፖሎቹን ያያል፣ ከዚያ ይናገራል።

«ንጉሡ ይወድቃል። የውሸት ነው። ይነሣል። እማዬ ሞታለች። የእውነት ነው። አትነሣም። ጀምሩ።»

ሥራ አስኪያጁ «የእናትየውን ነገር ብታስቀሩት፤ ልጆች አሉ» ብሎ ነበር። መብራት አብሪው «ግማሹን መናገር ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ» አለው። ንግግሩ እንዳለ ቆየ።

ኃላፊው ከመድረክ ወርዶ ቦታው ላይ ይቀመጣል። አንዳንዴ ይነሣል፣ አንዳንዴ ይጮኻል። መብራት አብሪው ከላይ ሆኖ ያየዋል። እሷ ከፊት ተቀምጣለች።

ዞር አትልም። ቴአትሯን ታያለች።