የዓርብ ጭኮ

ዘመነች እርጥብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ የስንቋን ቋጠሮ ስትፈታ የቅቤው ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። እጇ እዚያው ላይ ቀረ።

«ወይኔ! ዛሬ እኮ ዓርብ ነው!»

ጭኮውን እናቷ ያሸችላት ለሐሙስ ነበር። ሐሙስ ግን ቀበሌው የሰፈሩን ወጣት በሙሉ ለችግኝ ተከላ አስወጣና ሩጫዋ ለዛሬ ተላለፈ። ቀኑ ሲዛወር ስንቁም መቀየር እንዳለበት ትዝ ያለው ሰው የለም። ቀበሌው ላይ ተናደደች፤ ጭኮው ላይ ተናደደች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የገዛ ጭንቅላቷ አበሸቃት። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ዓርብን ገድፋ አታውቅም።

ከቀራንዮ ተነስቶ በወጨጫ ግርጌ ዞሮ አሥራ ስምንት ማዞሪያ እስኪመለሱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ግማሹ ገና ይቀራታል፤ የሐምሌው ጭቃ ሸራ ጫማዋን ድንጋይ አድርጎታል። የቀበሌው አሰልጣኝ ጋሽ ደመቀ ያሏት አሁንም ጆሮዋ ላይ አለ። «ወንድምሽ ከፊት እየመራሽ፣ ውሃ እያቀበለሽ ነው የምትሮጪው። ዙሩን ብቻሽን፣ በራስሽ ስንቅ፣ ከማንም ምንም ሳትቀበዪ ጨርሺና እሑድ ለአብዮት በዓሉ ሩጫ አስመዘግብሻለሁ።»

ከኮዳዋ ውሃ ተጎነጨችና ባዶ ሆዷን ሮጠች። ጫካው መሃል ስትደርስ ግን ዓይኗ ጭልም አለባትና አንዱን ባሕር ዛፍ ተደግፋ ቆመች። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴትዮ አይተዋት ሸክማቸውን አሳረፉ።

«ኮቱ፣ ነይ ልጄ! ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም እማማ፣ ይሂዱ።»

«ፊትሽ አመድ መስሎ ምንም አልሆንኩም? እንኪ ባክሽ!» ከመቀነታቸው እፍኝ የገብስ ቆሎ ፈተው መዳፏ ላይ አደረጉላት።

እምቢ ልትል ነበር፤ እጇ ቀደማት። እያለቀሰች ቆረጠመችው። ያስለቀሳት ከረሃቡ ይልቅ ንዴቱ ነበር።

ማዞሪያው ስትደርስ ጋሽ ደመቀ ደብተራቸውን ይዘው ከወንድሟ ከጥሩነህ ጋር ፌርማታው ላይ ቆመዋል። ሰዓታቸውን አዩና ፈገግ አሉ።

«ጎበዝ! ከሰው የተቀበልሽው ነገር አለ?»

ጥሩነህ ጠጋ ብሎ «የለም በያ! ማን አይቶሽ ነው?» ሲል አንሾካሾከላት።

እውነቱን ነው፣ ከሴትዮዋ በቀር ማንም አላያትም። ይኸው ራሱ አናደዳት።

«እፍኝ ቆሎ ተቀብያለሁ» አለች።

ጋሽ ደመቀ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲህ ምን ላድርግልሽ፣ ልጄ?»

«አንቺ ፋራ!» አለ ጥሩነህ። «ለእፍኝ ቆሎ ብለሽ! በቃ፣ አለቀ!»

ዘመነች እዚያው አስፋልቱ ላይ ብትተኛ ደስታዋ ነበር። ወገቧ ላይ ያሰረችውን ቋጠሮ ዳበሰች።

«ጋሼ፣ ምዝገባው እሑድ አይደል?»

«እሑድ ነው።»

«እንግዲያው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቀራንዮ እነሳለሁ» አለች ቋጠሮውን አጥብቃ እያሰረች። «ነገ ቅዳሜ ነው፤ ጭኮዬም አልተነካም።»