ለሶስና ዓሦች የተመረጠው መብራት

አድማሱ መብራት ሊገዛ የወጣው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነበር። ሚስቱ ትርሲት አራት ወር ሙሉ አዲስ አበባ ሆስፒታል ስታስታምም የቆየቻትን የስምንት ዓመት ልጃቸውን ሶስናን ይዛ በማግስቱ አዳማ ትገባለች። ቤቱን ጠርጎ፣ አንሶላ ቀይሮ፣ ሳሎኑ ጥግ ያለውን የዓሣ ገንዳ በጋዜጣ ወልውሎ ሲያበቃ፣ ከገንዳው በላይ ያለውን አሮጌ አምፖል ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

የዓሣ ዕቃ የምትሸጠው ነኢማ ሦስት ዓይነት ኤልኢዲ መብራት ባንኮኒው ላይ ደረደረችለት።

«ገንዳህ ውስጥ ተክል አለ?» አለችው።

«የለም፣ ዓሣ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ኃይለኛ አያስፈልግህም ወንድሜ። ተክል ከሌለ ብርሃን ሲበዛ መስታወቱን አረንጓዴ ያለብሰዋል እንጂ ለዓሦቹ አይጠቅምም። በቀን ስምንት ሰዓት ይበቃቸዋል። ነጩን ውሰድ፤ መልካቸውን እንዳለ ያሳይሃል።»

«መልካቸውን የማያሳየውስ?»

ነኢማ ቀና ብላ አየችው። «ሰማያዊው አለ። ቀዩንም ብርቱካኑንም አጥቁሮ አንድ ያደርገዋል። ግን ካላየሃቸው ምን ብለህ ታረባቸዋለህ?»

ነጭም ሰማያዊም የሚያበራ፣ በትንሽ እጀታ የሚቀያየር መብራት መርጦ ወጣ።

ሶስና ለሰባቱ ወርቃማ ዓሦቿ ስም አውጥታላቸው ነበር፤ ጭንቅላቱ ነጭ የሆነውን ሻሽ ትለዋለች። አድማሱ የመንገድ ሥራ ፎርማን ነው። እነትርሲት በሄዱ በሁለተኛው ወር አራት ቀን መስክ ውሎ አድሮ ሲመለስ፣ መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ቆሟል፣ ሳሎኑን የረጋ ውኃና የበሰበሰ ሥጋ ሽታ ሞልቶታል፣ ሰባቱም በጎናቸው ተንሳፍፈዋል። በዚያው ቀን ሌላ ሰባት ገዝቶ ተካቸው። የሚመሳሰሉትን ለማግኘት ከሱቅ ሱቅ ቢዞርም፣ በሻሽ ቦታ የገባው ዓሣ ከዓይኑ ሥር ብርቱካናማ ጠብታ አለበት። ሶስና በስልክ «አቢ፣ ሻሽ ደኅና ነው?» ስትለው «ደኅና ነው፣ እየጠበቀሽ ነው» ይላት ነበር።

በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ትርሲት ስልኩን ለልጅቷ አላቀበለቻትም። በደረቀ ድምፅ «ተኝታለች» ትለዋለች። እሱም ልምጣ አላለም። እንዲያውም ከሻሽ ጥያቄ ስለተገላገለ ቀለል ብሎት ነበር፤ አሁን ያ ትዝ ሲለው በራሱ ያፍራል።

እሑድ ከመሸ መጡ። ልጅቷ ከስታ መልኳ ተለውጧል፣ ፀጉሯም አጥሯል። ሲያቅፋት የመድኃኒት ሽታ ይሸተኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ የሸተተው ግን ከላስቲክ ገና የወጣ የአዲስ ልብስ ሽታ ነው። ቀጥ ብላ ሄዳ ገንዳው ፊት ተቀመጠች። በሰማያዊው ብርሃን ውስጥ ዓሦቹ እንደ ረጠበ ቅጠል ጠቁረው፣ አንዱ ከሌላው ብዙም ሳይለይ ይንሳፈፋሉ። ረጅም ጊዜ አየቻቸውና «ያምራሉ» አለች። አንዱንም በስሙ አልጠራችም። አድማሱ እፎይ አለ፤ ወዲያው ደግሞ እፎይ ማለቱ ከበደው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ልጅቷ ድሮ ሽታው የሚያስመልሳትን ወተት ጭልጥ አድርጋ ትጠጣ ጀመር። «ሶስና» ብሎ ሲጠራት ቶሎ አትዞርም፤ መጀመሪያ ትርሲትን ታያለች፣ ትርሲት በጭንቅላቷ ምልክት ስትሰጣት ነው ወደ እሱ የምትዞረው። «አቢ» ማለቷን ትታ «አባባ» ትለዋለች። መጋረጃው ቀኑን ሙሉ አይከፈትም፤ ትርሲት ብርሃን ዓይኗን ያማታል አለች፣ ስለዚህ በዚያ ሙቀት ሳሎኑ ታፍኖ፣ ከፓምፑ ቡልቅ ቡልቅ በቀር ድምፅ ሳይሰማበት፣ ከገንዳው በሚወጣው ሰማያዊ ጭላንጭል ብቻ ይውላል። አድማሱ ልጅቷ ምን ሆና ነው ብሎ ትርሲትን መጠየቅ ያምረዋል። ግን እሱ ከጠየቀ እሷም ስለ ዓሦቹ ትጠይቀዋለች።

ሐሙስ ከሰዓት ከሥራ ቀድሞ ሲገባ፣ ከሳሎኑ በር ኋላ የትርሲትን ሹክሹክታ ሰማ።

«ይኼ ሻሽ ነው። ጭንቅላቱ ነጭ የሆነው። በይ ድገሚልኝ።»

«ሻሽ» አለች ልጅቷ፤ እንግዳ ቃል እንደሚያጠና ሰው በጥንቃቄ። «አቢስ?»

«አባትሽ ነው። ከእንግዲህ አቢ ነው የምትይው።»

አድማሱ በሩን እንደያዘ ቆመ። በሽታው ይህን ያህል አስረስቷታል ማለት ነው አለ በልቡ፤ እናቲቱ ልጇን እንደ አዲስ ስታስተምር፣ እሱ ዓሣ ለመደበቅ መብራት ሲመርጥ ነበር። ትርሲት ወደ ጓዳ እስክትሄድ ጠበቀና ገብቶ ከልጅቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ሶስናዬ፣ አንድ የበደልኩሽ ነገር አለ» አላትና እጀታውን ወደ ነጩ አዞረው።

ሳሎኑ ወለል ብሎ በራ። ብርቱካናማው ጠብታ ከዓሣው ዓይን ሥር ቁልጭ ብሎ ታየ። ልጅቷ ግን ወደ ዓሣው አላየችም፤ ፊቷን አዙራ እሱን ታየው ጀመር፣ እሱም ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አያት። ሶስና በአራት ዓመቷ ከደረጃ ወድቃ ቅንድቧ ተሰፍቶ ጠባሳው ቀርቷል፤ ሐኪሙ ሲሰፋት እጇን ይዞ የነበረው እሱ ነው። ጣቱን ዘርግቶ የልጅቷን ቅንድብ ዳበሰ፤ አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን። ሁለቱም ምንም ያልነካቸው ለስላሳ ነበሩ። ልጅቷ አልሸሸችም፤ አንዴ ብቻ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «አቢ» አለችው።

ትርሲት ከኋላው መጥታ እጀታውን ወደ ሰማያዊው መለሰችው፣ የልጅቷን ፀጉር እያሻሸችም፣ «ዓሦቹን እንደቀየርካቸው ሳይ እኔ አንዲት ቃል ተናገርኩህ?» አለችው።