ትርንጎ እና የዶሮዋ ቡቃያ

በ2011 ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ወር፣ ዝናብ አልዘነበም። ፀሐይ ነበረች፤ አቧራም ነበረ።

ሜዳው ላይ አንድም ለምለም ሣር አልነበረም።

እኔ ገበሬ ነኝ። ስሜ ቢሻው ነው። ልጄ ትርንጎ ትባላለች፤ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር።

አምስት ዶሮዎች ነበሩን። ትርንጎ ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ገብስማን ነበር። የገብስማ ላባ ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረ ነው።

ግን ገብስማ እንቁላል መጣል አቆመች። ዛሬ የለም። ነገም የለም። ጎጆዋ ባዶ ነው።

«የማትጥል ዶሮ ምን ታደርጋለች? ለፋሲካ እናርዳታለን» አልኩ። ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ትርንጎ ገብስማን እቅፍ አደረገቻት። ገብስማም «ቋ! ቋ!» አለች።

ከዚያ ትርንጎ ወደ እማማ ዝማም ቤት ሮጠች። እማማ ዝማም ጎረቤታችን ናቸው። የዶሮ ነገር ያውቃሉ።

«እማማ፣ ገብስማ እንድትጥል ምን ላድርግ?»

«ለምለም ነገር ስጪያት፣ የኔ ዓለም።»

«ለምለም የት አለ? ሜዳው ደርቋል እኮ!»

«እንግዲያ ቤትሽ አብቅዪ! ገብስ ንከሪ። ሲያድር ውሃውን አጥልዪና ሰፌድ ላይ በትኚው። ጥላ ውስጥ አኑሪው። ጠዋትና ማታ ውሃ እርጪበት። በሳምንቱ ምንጣፍ የመሰለ ሣር ታገኛለሽ።»

ትርንጎ ከእናቷ አንድ ጣሳ ገብስ ተቀበለች። ገብሱን ነከረችው።

ወደ እኔ ሮጣ መጣች። እኔ ሞፈር እጠርብ ነበር።

«አባዬ! አባዬ! አንድ ነገር ልንገርህ?»

«ቆዪ፣ ሥራ ይዣለሁ!» አልኳት።

ትርንጎ ጠዋት ውሃ ረጨች። ጠብ! ጠብ! ጠብ! ማታም ረጨች። ጠብ! ጠብ! ጠብ!

በሦስተኛው ቀን ገብሱ ነጭ ሥር አወጣ። ትርንጎ እየዘለለች መጣች። እኔ አጥር እያጠርኩ ነበር።

«አባዬ! አባዬ! ጢም አወጣ እኮ!»

«ቆዪ፣ ሥራ ይዣለሁ!» አልኳት።

ማን ጢም እንዳወጣ እንኳ አልጠየቅኩም።

ጠብ! ጠብ! ጠብ! በአምስተኛው ቀን ገብሱ አረንጓዴ ሆነ። ቁመቱ የትርንጎን ትንሽ ጣት አከለ።

«አባዬ! አባዬ! ና እይልኝ!»

«ቆዪ፣ ሥራ ይዣለሁ!» አልኳት።

ትርንጎ ቀስ ብላ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አልጠራችኝም።

በስድስተኛው ቀን እናቷ ወፍጮ ቤት ሄደች። ትርንጎም ትንሿን ጀሪካን ይዛ ወደ ምንጩ ወረደች።

እኔ ገመድ ፍለጋ ወደ ጎተራው ጀርባ ሄድኩ። እዚያ ጥላው ውስጥ ሰፌድ አየሁ። ሰፌዱ ላይ ገብስ በቅሏል።

«ይሄ ለፋሲካ ጠላ የተነከረ ብቅል ነው!» ብዬ አሰብኩ።

ብቅልም ከገብስ ይሠራል። ገብሱ ይነከራል፤ ትንሽ ሲበቅል ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አረንጓዴ እስኪሆን ግን አይጠበቅም።

«አይ፣ እናቷ ረስታዋለች! ቶሎ ላስጣው» አልኩ።

ቡቃያውን በእጄ ዘነጣጠልኩት። ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! ሥሩ ተበጠሰ።

ደጅ አወጣሁት። ፀሐይ ላይ፣ ቁርበት ላይ በተንኩት።

ገብስማ ክንፏን ዘርግታ እየሮጠች መጣች። «ቋ! ቋ! ቋ!»

«እሽ! እሽ!» አልኳት። ዱላ ይዤ ቆምኩ።

ገብስማ በወዲያ በኩል ዞራ መጣች። «ቋ! ቋ! ቋ!»

«እሽ! እሽ!»

ፀሐይዋ በረታች። አረንጓዴው ቢጫ ሆነ።

እማማ ዝማም በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «አንተ ቢሻው! ምን ትጠብቃለህ?»

«ብቅል ነዋ፣ እማማ።»

«የምን ብቅል? የትርንጎ የዶሮ ሣር ነው እንጂ! ለዶሮ የበቀለ ሣር ከዶሮ ትጠብቃለህ?» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ቁርበቱን አዩ። ሳቃቸው ቆመ። «ወይኔ ልጄን! ነገ እኮ ለገብስማ ልትሰጣት ነበር» አሉ።

ዱላው ከእጄ ወደቀ።

ቡቃያውን ሰብስቤ ወደ ጥላው ሮጥኩ። ውሃ ረጨሁበት። ጠብ! ጠብ! ጠብ!

ቀና አላለም። እንደ ገለባ ደርቋል።

ለገብስማ ሰጠኋት። አንዴ ቆነጠረችና ተፋችው።

ትርንጎ ጀሪካኗን አዝላ መጣች። ባዶውን ሰፌድ አየች። የደረቀውን ቡቃያ አየች።

አላለቀሰችም። አልጮኸችም። ጀሪካኗን አውርዳ መሬት አስቀመጠች።

ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ልነግርህ መጥቼ ነበር» አለች። «ሦስቴ መጣሁ። አንተ ሥራ ይዘህ ነበር።»

እውነቷን ነው። ሦስቴ መጣች፤ ሦስቴም መለስኳት።

ሞፈሩ ተጠርቧል። አጥሩም ታጥሯል። የትርንጎ ቡቃያ ግን ደርቋል፤ የበጠስኩትን ሥር መልሼ መቀጠል አልችልም።

ከፊቷ ቁጢጥ አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። ይህን ቃል ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ትርንጎ መሬት መሬት እያየች «ገብስማስ?» አለች።

«ገብስማ አትታረድም። ብትጥልም፣ ባትጥልም።»

«ማርያምን በል!»

«ማርያምን!»

ወደ ጎተራው ገባሁ። ለዘር ካስቀመጥኩት ገብስ አንድ ጣሳ ሙሉ ቀዳሁ።

«በይ አሳዪኝ። መጀመሪያ ምን ይደረጋል?»

ትርንጎ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «መጀመሪያ ጠጠሩ ይለቀማል» አለች።

ጎን ለጎን ተቀምጠን ለቀምን። እሷ ትለቅማለች፤ እኔም እለቅማለሁ።

«አባዬ! የጣልከው እኮ ገብስ ነው! ጠጠሩን ተውከው!»

«ዓይኔ ደክሞ ነው።»

«ቀስ በላ! ማን አባረረህ?» አለች። ትንሽ ሳቀች፤ ትንሽ ብቻ።

ሲመሽ ገብሱን ነከርነው። ትርንጎ እጇ እንደራሰ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ተሸክሜ አስተኛኋት፤ ጋቢዬንም አለበስኳት።

ጠዋት ማልጄ ተነሣሁ። ውሃውን አጠለልኩ። ሰፌዱን አጠብኩ።

ግን ገብሱ ሰፌዱ ላይ ምን ያህል ሳስቶ እንደሚበተን አላውቅም። የምታውቀው ትርንጎ ናት፤ እሷ ደግሞ ተኝታለች።

በሬዎቼን ለእርሻ አውጥቼ ነበር። መልሼ አሰርኳቸው።

ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስክትነቃ ድረስ ጠበቅኳት።