የወፍጮ ቤቷ ልጅ መጨረሻ

አዋሳ ውስጥ ባህል አዳራሽ አጠገብ መጽሐፍ የሚያከራይ ግዛቸው የሚባል ሰው ነበር። ጠያቂነቱ ለጉድ ነው። መጽሐፍ ልትከራይ ሄደህ ምሳ ምን እንደበላህ፣ ከማን ጋር እንደተኳረፍክ፣ እናትህ ደህና መሆናቸውን ሳይጠይቅ ከመደርደሪያው ምንም አያወርድም። ከጠየቀህ በኋላ አገጩን እያሻሸ ያስባል። «ላንተ የፍቅር ታሪክ አይሆንም፤ የተኳረፈ ሰው ፍቅር ሲያነብ ይብስበታል። ይቺን የወንጀል ውሰድ» ይላል። ሰዉ እየሳቀ ይወስዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ሆኖ ይገኛል።

ሱቁ ከጣውላና ከቆርቆሮ የተመታች ትንሽ ነገር ነች። መጻሕፍቱ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተለብጠዋል፤ ስንት እጅ ስለዞሩ ደግሞ የብዙዎቹ የመጨረሻ ገጾች የሉም። ኪራይ መጽሐፍ ሲያረጅ ከኋላው ነው የሚጀምረው። ግዛቸው ግን ሁሉንም ሳይገነጠሉ አንብቧቸዋልና ደንበኛው መጽሐፉን ሲመልስ መጨረሻውን በቃሉ ይነግረዋል። ከመንገሩ በፊት «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ማለቱ አይቀርም። አጠገቡ ሻይ የሚሸጡት እትዬ ብርቅዬም ፊደል ሳይቆጥሩ የስንቱን ልብ ወለድ ታሪክ የሚያውቁት ከሱ አፍ እየሰሙ ነው።

ታቢታ እዚያ የደረሰችው በሰው ጉዳይ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ ባልደረባዋ የተከራየችውን መጽሐፍ እግረ መንገድሽን መልሽልኝ አለቻት።

«ወደድሽው?» አላት ግዛቸው ገና እጁ ሳይገባ።

«የኔ አይደለም፤ የጓደኛዬ ነው። እኛ ቤት ልብ ወለድ አይገባም።»

«እዚህ ይገባል» አለና ከባንኮኒው ሥር በርጩማ አወጣላት።

እውነትም ቤታቸው አይገባም ነበር። አባቷ አቶ ሀመሶ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው። መንግሥት ጸሎት ቤታቸውን ካሸገው ወዲህ ምእመናኑ አንድ አንድ እያሉ የሚመጡት እሳቸው ቤት ነው። መስኮት ተዘግቶ፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ ይዘመራል። ጎረቤት ከጠየቀ ዕቁብ ነው ይባላል። ታቢታ ያደገችው ብዙ ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ በሚነገርበት ቤት ነው፤ ለዚህ ይሆናል እንዳሻው የሚያወራው ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን ልቧን የወሰደው።

ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓቷ የመጽሐፍ ሰዓት ሆነ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ታነባለች፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ ያወራል። የተመለሰ መጽሐፍ እያገላበጠ ወጥ የነካውን ገጽ ያሳያታል። «እዚህ ጋ ሰውዬው መብላቱን ረስቷል። ደራሲ ቢሆን ኖሮ ይሄን እድፍ ከሽልማት ይቆጥረው ነበር» ይላታል። ወፍራም መጽሐፍ የሚወድ ሰው ቤቱ መግባት ያስጠላው ሰው ነው ይላል። እሷም «አንተስ ሁሉንም ያነበብከው ቤት ስለሌለህ ነው እንዴ?» ብላ ትነካካዋለች። ይስቃል። ሳቁ ሲያልቅ እሷ ወደ መጽሐፏ፣ እሱ ወደ መንገዱ ያያሉ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት አንድም መስመር አታነብም ነበር። ወድዳዋለች። እሱም እንደወደዳት ታውቃለች፤ ዓይኑ መደበቅ አያውቅበትም።

አንድ ነገር ግን ነበረበት። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ቀበሌ ሄዶ ይፈርማል። በተማሪነቱ ዘመን ታስሮ የተፈታ ነውና ከከተማው እንዳይወጣ ይጠበቃል። ይህን ራሱ ነግሯታል፤ እንደ ተራ ወሬ አድርጎ፣ የሌላ ደንበኛ መጽሐፍ በሙጫ እየለጠፈ።

በዚህ መካከል ለታቢታ ሽማግሌ ተላከ። ላኪው ኩማ የሚባል ዲላ የሚሠራ ጤና ረዳት ነው፤ የእምነታቸው ሰው፣ ረጋ ያለ፣ እንከን የማይወጣለት። አቶ ሀመሶ ልጃቸውን ጠርተው አላስገድድሽም አሏት። ለፋሲካ ማግስት መልስ እሰጣለሁ ብያለሁ፤ እስከዚያ ልብሽን ጠይቂ አሏት። ልቧን መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጠብቂኝ የሚላት ሰው ካለ እንቢ ልትል፣ ከአባቷም ከጸሎት ቤቱም ጋር ልትጋፈጥ ቆርጣለች። የቸገራት እሱ ያንን ቃል አለመናገሩ ነው።

ያን ሰሞን የምታነበው የአንዲት ወፍጮ ቤት ልጅ ታሪክ ነበር። ልጅቷ የምትወደው ሰው ሩቅ አገር ሄዶ ቀርቷል፤ ሌላ ደህና ሰው ደግሞ ሽማግሌ ልኮባታል። ልክ ልጅቷ መልስ ልትሰጥ ስትል መጽሐፉ ያልቃል፤ የቀረው ተገንጥሏል። ታቢታ መጽሐፉን ዘግታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ለኔም ሽማግሌ ተልኮብኛል» አለችው።

ግዛቸው የያዘውን መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ገልብጦ አስገባው። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ አልጠየቃትም። ያ ሁሉ ጠያቂ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቀው ጠፋው።

«እስቲ መጨረሻውን ንገረኝ» አለችው። «ልጅቷ ጠበቀችው?»

አንቺስ ምን ይመስልሻል አላላትም። ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ፤ አንድ ጋሪ አልፎ እስኪሄድ ጠበቀ።

«አልጠበቀችም» አለ። «አገባች። ደህና ኖረች።»

«እሱስ?»

«ስለሱ መጽሐፉ ብዙም አያወራም።»

ታቢታ ተነሣች። በርጩማዋን ከባንኮኒው ሥር መለሰች፤ ቻው እንኳን አላለችውም። እስከ ቢሮዋ በር ድረስ እንባዋን ይዛ ሄደችና እዚያ ስትደርስ አቃታት። ለፋሲካ ማግስት አባቷ መልሷን ሲጠይቋት እሺ አለች።

ኩማ ደግ ባል ሆነላት። ዲላ ሄደች፣ ወለደች፣ ልጆቿን አስተማረች። ልብ ወለድ ግን አላነበበችም፤ ኩማ ከልክሏት ሳይሆን እጇ አልሄድ ብሏት ነው። ታዲያ አንድ ዓመት የኩማ ባልደረባ ተቀይሮ ሲሄድ ለልጆቹ ይሁን ብሎ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ ትቶላቸው ሄደ። ካርቶኑን ስታገላብጥ ያቺን መጽሐፍ አገኘቻት፤ ከነሽፋኗ፣ ከነሙሉ ገጿ።

ቆማ ነው ያነበበችው። የወፍጮ ቤቷ ልጅ ጠብቃዋለች። ፀጉሯ እስኪሸብት ጠብቃዋለች፤ እሱም መጥቷል።

ደሟ ፈላ። ያ ሰው መጽሐፉን ያውቀዋል፤ ሁሉንም በቃሉ ያውቃል። አልፈልግሽም ማለት አንድ ነገር ነው፤ የታሪኩን መጨረሻ ዋሽቶ ነግሮ ማባረር ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? ይህን ስታብሰለስል ከረመች። አባቷ ታመው ወደ አዋሳ ስትጠራ መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተነሣች፤ ካገኘችው ፊቱ ላይ ልትገልጥለት።

አቶ ሀመሶ አልጋ ላይ ሆነው መጽሐፉን ሲያዩ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቋት። ነገረቻቸው። የመጽሐፍ አከራዩን ስም ስትጠራ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ያ ልጅ አንድ ቀን አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ስመርጥ አጠገቤ መጥቶ ቆመ» አሉ። «እኔን ሳያይ፣ ዓሣውን እያየ ነው ያናገረኝ። ቤትዎ ዓይን ተጥሎበታል፤ ለጊዜው አትሰብሰቡ አለኝ። ለካ የቀበሌው ካድሬ ልጅቷን አግብተህ ቤታቸው ግባና እነማን እንደሚመጡ ትነግረናለህ ብሎታል። ማን ነህ አልኩት። ልጅዎን የምወድ ሰው ነኝ፤ ግን እኔ የገባሁበት ቤት እነሱም ይከተሉኛልና ለደህና ሰው ይዳሯት አለኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም፣ አባባ?»

«እንዳልነግርሽ ቃል አስገባኝ። ብነግርሽ ትሄጂ ነበር።»

እሄድ ነበር አለች ታቢታ በሆዷ። እጃቸውን ይዛ እስኪተኙ ጠበቀች። ከዚያ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች።

ባህል አዳራሽ አጠገብ ሱቁ የለም። ቦታው ላይ ጫማ የሚሰፋ ሰው ተቀምጧል። እትዬ ብርቅዬ ግን እዚያው ናቸው፤ ያው ምድጃ፣ ያው ብርጭቆ፣ ዓይናቸው ብቻ ደክሟል። ቀረብ ብለው አይተው የቢሮዋ ልጅ መሆኗን አወቁ፤ የት ጠፍተሽ ነው ብለው ተቆጡ። ሻይ ቀዱላትና ተቀመጪ ብለው በርጩማ ሳቡላት። ያው የሱ በርጩማ ነበር።

ስለሱ ጠየቀቻቸው። አንድ ዓርብ ሊፈርም እንደወጣ በዚያው ቀረ አሉ። ታሰረ ያለም አለ፣ ጦር ሜዳ ላኩት ያለም አለ፤ ዘመድ መጥቶ መጻሕፍቱን ወሰደ። ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እኔን ደግሞ አንድ ታሪክ አንጠልጥሎብኝ ነው የሄደው» አሉ እትዬ ብርቅዬ። «ያቺ የወፍጮ ቤቷ ልጅ። ሽማግሌ ተልኮባት መልስ ልትሰጥ ስትል፣ ፈርሜ ልምጣና እጨርስልዎታለሁ ብሎኝ ወጣ። አንቺ አንብበሽው ከሆነ ንገሪኝ እስቲ። ጠበቀችው?»

ታቢታ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ያዘች።

«ጠበቀችው፣ እትዬ» አለች። «መጣም። ተገናኙ።»

እትዬ ብርቅዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ተመስገን» አሉ። «እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዘመን፣ የሌላ ሰው ሚስት ሆና እንዳይሆን እያልኩ ስጨነቅ ኖርኩ።»

ታቢታ ሻይዋን ጠጥታ ጨረሰች። በርጩማዋን አንሥታ ምድጃው አጠገብ፣ ጥላው ውስጥ መለሰችና ወደ አባቷ ቤት ሄደች።