ሥሩ አፈር ያልነካው አበባ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከቶ የማላምን ሰው ነኝ፣ ጠንቋይ ቤት ሄደች በተባለች ጎረቤት ስስቅ የኖርኩ፣ ስለዚህ ቅዠት ነው ብትሉኝ አልቀየማችሁም፣ ግን እመኑኝ ሆኗል።

ታናሽ ወንድሜ ገመቹ እዚሁ ሰበታ የቻይናዎች ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። የጨርቁን አበባ የሚነድፉ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ሠራተኛው በኦሮምኛ «ኦቦ ሊ»፣ አቶ ሊ እንደማለት ነው የሚላቸው፣ እሳቸው በምሳ ሰዓት በጥቁር ቀለም አበባ መሣል አስተማሩት። «እኛ አገር አበባ ለቆንጆ አይሥሉም» ይሉታል በኮልታፋ አማርኛቸው፣ «በበረዶ የሚያብበው አበባ ሰው ነው፣ የማይሰበር ሰው። አንተም ራስህን ሣል።» ታዲያ የኔ ጉድ ምን ቢሥል ጥሩ ነው? አደይ አበባ፣ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ አፈር የሚባል የለው! ኦቦ ሊ ሲያዩት ፊታቸው ተለዋወጠ። «ማን ነገረህ? እኛም ጋ ድሮ አገሩን የተቀማ ሰው ነው አበባ ያለ አፈር የሚሥለው» አሉት። ማንም አልነገረውም፣ የአባታችን መሬት በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሊወሰድ ነው የተባለ ሰሞን ነበር።

ሥዕሉን ጓዳ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። መሬታችን አይወሰድም ብሎ ሰልፍ የወጣ ቀን ፖሊሶች ገመቹን ይዘውት ሄዱ። ሰበታ ፖሊስ ጣቢያ ብንል፣ ቡራዩ ብንል፣ ሱሉልታ ብንል መልሱ «እዚህ የለም» ነው፣ እናቴን እህል ውሃ አስጠላት።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የምላችሁ፣ ልብስ ሳጣጥፍ ከጓዳ ሸርተት… ሸርተት… ብሩሽ ወረቀት ላይ ሲሄድ፣ ከዚያ ጠብ የሚል ውሃ ሰማሁ። አይጥ ይሆናል ብዬ ገባሁ፣ ማንም የለም። ያ ከደረቀ የከረመ ቀለም ግን እርጥብ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ሥሩም ረዝሟል፣ ጣቴን ባስጠጋ ጠቆረ! ጮህኩ። እናቴ ሮጣ መጣችና ነካችው፣ የሷም ጣት ጠቆረ፣ እሷ ግን ሳቀች እኮ!

«ገመቹ ኮ! የኔ ገመቹ! ቀለሙ እስካልደረቀ ልጄ በሕይወት አለ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ትገባለች፣ የጠቆረ ጣቷን ታሳየኛለች፣ ከዚያ ነው እህል የምትቀምሰው። ሥሩ ወርዶ ወርዶ የወረቀቱ ጠርዝ ደርሷል፣ አፈር ግን አላገኘም። ኦቦ ሊን ልጠይቅ ብዬ ብሄድ ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ቻይናዎቹም አገራቸው ገብተዋል አሉኝ፣ ማንን ልጠይቅ?

ዛሬ ጠዋት ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትወጣ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደብቃለች።

«እንዴት ነው እማዬ?» አልኳት።

«አንቺ ቁርስሽን ብዪ» አለችኝ፣ እሷ ግን ወደ ገበታው አልቀረበችም። ገብቼ ልየው ብዬ ተነሳሁና መልሼ ተቀመጥኩ፣ እሷም እስካሁን እጇን አላወጣችም።