ታናሽ የሌለው ሰው

የአባይነህ ሬሳ ከፒያሳው አሮጌ ሕንጻ ግቢ ከተነሣ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላውም፤ ሰዉ ግን ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ከሦስተኛ ፎቅ የእንጨት ሰገነት ራሱን ወረወረ፣ ጠረጴዛው ላይም ስንብት ትቶ ሄደ። ኢንስፔክተር አስካለ ደረጃውን ስትወጣ ይህንኑ ከሦስት ሰው ሰማች። እዚያው አጠገብ እሪ በከንቱ ሰፈር ተወልዳ ላደገች ሴት ወሬ ከሬሳ ቀድሞ መድረሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ሁልጊዜ ያናድዳታል።

የሟቹ ባለቤት ትርሓስ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቢሮው ውስጥ ተቀምጣለች።

«የነፍስ አባታችን ወረቀቱን ሳነብላቸው ‹አይሆንም› አሉ» አለች። «በገዛ እጁ ለሞተ ፍትሐት የለም። ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው ያለ ጸሎት ልቅበረው ነው? ነገ እኮ ነው ቀብሩ።»

አስካለ ስንብቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። ወረቀቱን መጀመሪያ ያገኘው ፖሊስ ነው፤ ቃሉን ከፖሊስ፣ ከትርሓስና ከቄሱ በቀር የሰማ የለም። አሁን ራሷ አነበበችው።

«ዕድሜዬ አብቅቷል። ከእንግዲህ ከእኔ ምንም አትጠብቁ። እስከ ዛሬ ስላመናችሁኝ አመሰግናለሁ። በእኔ ቦታ ታናሼን ተቀበሉ።»

በኮምፒውተር የተጻፈ ነው፤ ፊርማ የለውም። ከማተሚያው ሌላ ወረቀት መዛ አስተያየችው። የስንብቱ ወረቀት ከላይ ሁለት ጣት ያህል ያጥራል፤ ተቆርጧል።

«እትዬ ትርሓስ፣ ጋሽ አባይነህ ታናሽ ወንድም አላቸው?»

«የለውም።»

«እህትስ?»

«የቤቱ መጨረሻ እሱ ነው ልጄ። ታናሽ የለውም።»

አስካለ ወረቀቱን አጥፋ ያዘች። ከዚያ አብረውት የሚሠሩትን ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ አስጠራች። በአራት ሰዓት ከሩብ ግድም ሁሉም ከቢሮ ወጥተው እንደነበር ይናገራሉ፤ ሕንጻው ሥር ያለው ካፌ አስተናጋጅ የመውደቁን ድምፅ የሰማው በአራት ሰዓት ተኩል ነው።

መጀመሪያ የገባችው የአጠቃቀም መመሪያ ጸሐፊዋ ምኞት ናት።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?»

«ቅኝት የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ። ሰው በአማርኛ የጻፈውን ትእዛዝ ኮምፒውተር ወደሚገባው የሚተረጉም ኮምፓይለር አለው። ኮዱ ለዓለም ክፍት ነው፤ ማንም ያየዋል፣ ማንም ይወስደዋል።»

«ሥራው መቼ ያልቃል?»

«አያልቅም። በየስድስት ሳምንቱ የሙከራ ስሪት እናወጣለን። በዓመት አንዴ ደግሞ፣ መስከረም አንድ ቀን፣ ተፈትኖ የጸና የምንለው ይወጣል። በቅኝት ቀጠሮ የሚመዘግቡ ክሊኒኮች የሚጠቀሙት እሱን ብቻ ነው። ዘንድሮ ስሪት ሦስት ሊወጣ፣ ስሪት ሁለት ሊሰናበት ነበር።»

«ስሪት እንዴት ይሰናበታል?»

ምኞት እንባዋን ጠረገች። «የጋሽ አባይነህ ልማድ ነው። አሮጌው ስሪት ራሱ እንደሚናገር አድርጎ ስንብት ይጽፍለታል። አምና ሁላችንንም አስለቅሶናል።»

«የዘንድሮውን አይተሻል?»

«አላየሁም። ረቂቁን አስቀድሞ ለአንድ ሰው ብቻ ይልካል፤ ሰውዬው በየዓመቱ ይለያያል።»

ቀጥሎ የገባው ቃለጽድቅ የፕሮግራሙን ጉድለት እየፈተነ የሚፈልግ ነው፤ ጭንቀቱ ፊቱ ላይ ይነበባል።

«ዘንድሮ ጳጉሜን ስድስት ቀን ናት። ስሪት ሦስት ግን ከአምስት በቀጥታ ወደ መስከረም ይዘላል። ጳጉሜን ስድስት ቀጠሮ ያለው በሽተኛ ከክሊኒኩ ዝርዝር ይጠፋል። ዛሬ ጠዋት ለጋሽ አባይነህ ነገርኩት፤ ‹ስሪት ሦስት አይወጣም› አለኝ።»

«ባይወጣ ማን ይጎዳል?»

«ማንም። አስቀድሞ ለክሊኒክ የሰጠ ሰው ከሌለ በቀር።»

የሥራ ሸሪኩ ቴዎድሮስ መጨረሻ ገባ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የለዘበ ነው።

«እስከ ስድስት ሰዓት ቸርችል ጎዳና፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነበርኩ። ከሞተ በኋላ ደረስኩ።»

«ስንብቱን አይተኸዋል?»

«አላሳያችሁኝም። ሰው ምን ያህል ቢከፋው ነው ግን?»

አስካለ ሰገነቱ ላይ ወጥታ ወደ ክሊኒኩ ደወለች፤ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። ተመልሳ የቃለጽድቅ ኮምፒውተር ላይ የሥራውን መዝገብ አስከፈተች፤ ከዚያ አራቱንም ሰበሰበቻቸው።

«እትዬ ትርሓስ እዚህ አሉ፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገር» አለች። «ጋሽ አባይነህ የተዉትን ወረቀት አነብላችኋለሁ። ‹ዕድሜዬ አላበቃም። ታናሼ እስኪጠና አልሄድም። ገና አለሁ።›»

«እንደዚያ አይደለም የሚለው» አለ ቴዎድሮስ።

ቃሉ ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው የገባው። ቃለጽድቅና ምኞት ዞረው አዩት።

«ልክ ነህ፤ አይልም» አለች አስካለ። «ሳታየው እንዴት አወቅህ? ይህ አሁን ያነበብኩት ጋሽ አባይነህ በአራት ሰዓት ከአሥር መዝገቡ ላይ የጻፉት ነው። ማንኛውም ለውጥ ምክንያቱ አብሮ ይመዘገባል አይደል ልማዳችሁ? ምክንያቱ ይኸው፦ ‹ትናንት ለቴዎድሮስ ብቻ የላክሁትን ረቂቅ ሰርዣለሁ። ስሪት ሦስት ጳጉሜን ስድስትን አያውቅም።› አንተ መንገድ ላይ ስለነበርክ ይህን አላነበብክም። በእጅህ የነበረው የትናንቱ ብቻ ነው፤ እሱን አትመህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥከው። ‹የስሪት ሁለት ስንብት› የሚለውን ርእስ ከላይ ስትቆርጠው የሰው ስንብት መሰለ። ታናሽ የተባለው ግን ስሪት ሦስት ነው፤ ሟቹ ታናሽ የላቸውም።»

«ክሊኒክ ነበርኩ ብያለሁ።»

«በአራት ሰዓት ስልክ ተደውሎልህ እየተጣደፍክ ወጥተሃል። ስሪት ሦስትን ደግሞ የጸና ነው ብለህ ከጫንክላቸው ሁለት ሳምንት ሆኖሃል። ሌላም ክሊኒክ እንዳለ ነግረውኛል።»

ቴዎድሮስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ስሪት ሦስት አይወጣም ብሎ ደወለልኝ፤ መጥቼ አስቀድሜ መጫኔን ስነግረው፣ አሁኑኑ ለክሊኒኮቹ ሁሉ ደውዬ አስነሣዋለሁ አለኝ» አለ። «እስከ መስከረም አስተካክለዋለሁ ብዬ ለመንኩት። ስልኩን ልቀማው ስታገል ገፋሁት። የሰገነቱ መከታ እንጨት በስብሶ ነበር፤ አልያዘውም።»

«እስከ መስከረም» አለ ቃለጽድቅ በቀስታ። «ጳጉሜን ስድስት እኮ ከመስከረም በፊት ናት።» ስልኩን አውጥቶ ለመጀመሪያው ክሊኒክ መደወል ጀመረ፤ ሦስት ቀን ብቻ ቀርቷል።

ፖሊሶቹ ቴዎድሮስን ይዘው ሲወርዱ ትርሓስ ቀና ብላ አላየችም። ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግታ የባሏን የመጨረሻ ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያ ለነፍስ አባቷ ደወለች።

«አባ፣ እርስዎ የሰሙት የእሱ ቃል አይደለም» አለች። «የእሱን አሁን ላንብብልዎ።»

አነበበችላቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። ስልኩን አስካለ ተቀብላ ‹ገና አለሁ› ብላ ጨረሰችላት።